ስለ ዊልሰን ተራራ ታላቅ መነጥርና ስለ ከዋክብት ርቀት



የሰማይን ብርሃናት አካሄድ መቍጠር የጥንት ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም በባሕረ ሐሳብ የፀሓይንና የጨረቃን ዑደት እየቀመሩ አጽዋማትንና በዓላትን ሲያወጡ ኖረዋል። ነገር ግን የብርሃናትን አካሄድ መቍጠር አንድ ነገር ነው፤ ርቀታቸውን መለካት ሌላ ነገር ነው። ወደ ኮከብ ገመድ አይዘረጋም። ከቅርቦቹ ከዋክብት የአንዱን ርቀት ቤሴል የተባሉ የጀርመን ሊቅ በ1838 ዓ.ም. ለክተው አስታወቁ፤ ከነዚያ ወዲያ ያለው ግን ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ። ይህን ስውር ነገር ከገለጡት መሣሪያዎች ሁሉ የሚበልጠው በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በዊልሰን ተራራ ላይ የተተከለው ታላቅ መነጥር ነው፤ በፈረንጅ አፍ ቴሌስኮፕ ይባላል። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መነጥር የሩቁን ነገር ያቀርባል ተብሎ በተለምዶ ይነገራል፤ ዋናው ሥራው ግን ብርሃን መሰብሰብ ነው። በዝናም ጊዜ አንድ ሰው በደጁ ጽዋ፣ ሌላው ሰው ሰፊ ገበቴ ቢያኖሩ፣ ዝናሙ ለሁለቱም እኩል ሲዘንብ ባለገበቴው እጅግ ብዙ ውሃ ያገኛል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ እጅግ ቢሰፋ ወርዱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የዊልሰን ተራራ መነጥር መስተዋት ወርዱ 2 ሜትር ከ54 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ይህ መስተዋት የሚሰበስበው ብርሃን አንድ ዓይን ከሚሰበስበው ከመቶ ሺህ ዕጥፍ ይበልጣል። ዓይን ያየውን ወዲያው ይለቃል እንጂ አያከማችም፤ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ግን ሌሊቱን ሙሉ ብርሃንን እያጠራቀመ ይይዛል። በመነጥሩ ጫፍ ሰሌዳ ባይደረግበት ኖሮ ከታላቁ ሥራ ብዙው ባልተሠራም ነበረ።

መነጥሩን ያሰቡትና ያስተከሉት በ1868 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ የተወለዱት ጆርጅ ኤለሪ ሄል ናቸው። እኒህ ሊቅ በ1897 ዓ.ም. የርክስ በሚባለው የኮከብ መመልከቻ ቤት ወርዱ 1 ሜትር ከ2 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ብርሃን በውስጡ አልፎ የሚሰበሰብበት መነጥር አስተክለው ነበረ። እንዲህ ያለው መነጥር ከዚያ የበለጠ ሊሰፋ አልቻለም፤ ምክንያቱም ብርሃን የሚያልፍበት ብርጭቆ የሚደገፈው በጠርዙ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሲሰፋ በገዛ ክብደቱ ይጐብጣል፤ ውስጡም ያለ አንዳች ነቍጥ ጥሩ መሆን አለበት። መስተዋት ግን ብርሃኑን የሚመልሰው በፊቱ ስለ ሆነ ከጀርባው በብዙ ቦታ ይደገፋል። ሄልም ይህን አይተው ከዚያ በኋላ የመስተዋት መነጥር ለማሠራት ቈረጡ።

በ1904 ዓ.ም. በካርኔጊ ተቋም ገንዘብ የዊልሰን ተራራ የኮከብ መመልከቻ ቤት ተመሠረተ። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 1,740 ሜትር ያህል ነው፤ ለኢትዮጵያ ደገኛ ይህ ከፍታ ከቆላ ብዙ አይበልጥም፤ ነገር ግን የዚያ ተራራ አየር በሌሊት እጅግ የረጋ ስለ ሆነ የከዋክብት ብርሃን ሳይንቀጠቀጥ ይወርድበታል። በመጀመሪያ ዕቃው ሁሉ የወጣው በጠባብ መንገድ በበቅሎ ጀርባ ነው። በ1908 ዓ.ም. ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ መስተዋት ያለው መነጥር ተተክሎ ሥራ ጀመረ፤ ብርጭቆውን የሰጡት የሄል አባት ነበሩ።

ሄል ግን ያ መነጥር ገና ሳያልቅ ስለሚበልጠው ያስቡ ነበረ። በ1906 ዓ.ም. ጆን ሁከር የተባሉ የሎስ አንጀለስ ባለጸጋ ለአዲሱ መስተዋት 45,000 ዶላር ሰጡ፤ ስለዚህ መነጥሩ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ብርጭቆውን እንዲያፈስ የታዘዘው በፈረንሳይ አገር ያለው የሴን ጎቤን ፋብሪካ ነው። ይህን የሚያህል ብርጭቆ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ያፈሰሰ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ የሚበቃ አንድ ድስትም ስላልተገኘ የቀለጠው ብርጭቆ በሦስት ታላላቅ ድስቶች ተራ በተራ ወደ ቅርጹ ተገለበጠ። ከአራት ቶን በላይ የሚመዝነው ክብ ብርጭቆ በ1908 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በተራራው ሥር ወዳለችው ወደ ፓሳዴና ከተማ ደረሰ። ሣጥኑ ሲከፈት በብርጭቆው ውስጥ በሦስቱ ፍሳሾች መካከል የአረፋ ረድፍ ተዘርግቶ ታየ።

መስተዋት የመሞረድ ጥበብ ዋና የነበሩት ጆርጅ ሪቺ አይተው ይህ አይሆንም አሉ። የፈሩት ስለ መልኩ አልነበረም፤ አረፋ ያለበት ብርጭቆ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁበት አንዱ ወገን ካንዱ ወገን ተለይቶ ይሰፋል፣ ቅርጹም ይዛባል ብለው ነው። ፋብሪካው እንደ ገና ሞከረ፤ ከኋላ የተሠራው ግን ከፊተኛው የሚሻል አልሆነም። ሁከርና ሄል ተቀያየሙ፤ ሄልም ከሥራ ብዛትና ከሐሳብ የተነሣ በ1910 ዓ.ም. በጽኑ ታመሙ። በዚያው ዓመት ያ አረፋ ያለበት ብርጭቆ ተመርምሮ ሥራው በእርሱ እንዲጀመር ተቈረጠ። በመስተዋት ዘንድ ብርሃን የሚነካው የብር ቅብ ያለበትን ፊቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ ውፍረቱ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነው ብርጭቆ ውስጥ የተቀበረው አረፋ ፊቱን እስካላጣመመው ድረስ ጕዳት የለውም። ሁከር በ1911 ዓ.ም. ስለ ሞቱ ፍጻሜውን አላዩም።

የመሞረዱ ሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። ሠራተኞቹ እንደ ሐኪም ነጭ ልብስና ቆብ ለብሰው፣ አቧራ እንዳይገባ በተደፈነ ቤት፣ አየሩ እየተጣራ ይሠሩ ነበረ። የመስተዋቱ መካከል ከጠርዙ የሚጐደጕደው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ይህ ጕድጓድ ከታሰበው ቅርጽ በአንድ የጠጕር ውፍረት እንኳ ቢዛነፍ መስተዋቱ ሁሉ ዋጋ አይኖረውም፤ የሚፈለገው ጥራት ከጠጕር ውፍረት በመቶ እጅ ያነሰ ነውና። ስለዚህ ጥቂት ይፍቁና ብርጭቆው ከእጅና ከመሣሪያ ግለት እስኪበርድ ጠብቀው ይለኩታል፤ ለክተውም እንደ ገና ጥቂት ይፍቃሉ።

በ1917 ዓ.ም. ሐምሌ 1 ቀን መስተዋቱ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ተራራው ወጣ። ብረቱ የተሠራው በመርከብ መሥሪያ ቤት ነበረ። የሚንቀሳቀሰው የመነጥሩ ክፍል 100 ቶን ይመዝናል፤ ይህን ሸክም ያለ መንቀጥቀጥ ለማዞር በባዜቃ ላይ እንዲንሳፈፍ አድርገውታል። የሚያዞረውም የሰዓት መኪና ነው፤ ምድር በዞረችበት መጠን መነጥሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ አንዱን ኮከብ እንዳይለቅ፣ ሁለት ቶን የሚያህል ክብደት ቀስ እያለ እየወረደ መኪናውን ይነዳዋል።

በኅዳር 1 ቀን 1917 ዓ.ም. በመሸ ጊዜ ሄልና ረዳታቸው ዋልተር አዳምስ፣ ከነርሱም ጋር አልፍሬድ ኖይዝ የተባሉ የእንግሊዝ ባለቅኔ ለመጀመሪያው ምልከታ ተሰበሰቡ። መነጥሩ ጁፒተር ወደምትባለው ፈለክ ተመለሰ። ሄል ዓይናቸውን አስጠግተው ባዩ ጊዜ አንዲት ጁፒተር ሳትሆን እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ስድስት ወይም ሰባት ምስሎች አዩ። አዳምስም አዩ፤ ያው ነበረ። የአሥራ አንድ ዓመት ድካም፣ የሞቱት ሰው ገንዘብ፣ የሪቺ ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም በዚያች ሰዓት በልባቸው ተመላለሰ። ኋላ አንዱ ጠያቂ ሆኖ ነገሩን ሲመረምሩ፣ ሠራተኞች ቀን የጕልላቱን መስኮት ከፍተው ሲሠሩ እንደ ዋሉና ፀሓይ በመስተዋቱ ላይ እንዳረፈ ታወቀ። እንግዲህ ጕድለቱ የአረፋው ይሁን የግለቱ የሚለየው ሌሊቱ ሲበርድ ብቻ ስለ ሆነ ለማረፍ ሄዱ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም። በኢትዮጵያ ሰዓት አቈጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ተመለሱ። መነጥሩንም ወደ ቬጋ ኮከብ አዞሩት፤ ቬጋም እንደ መርፌ ጫፍ የጠራች አንዲት ነጥብ ሆና ታየች።

ከታላላቆቹ ሥራዎች የመጀመሪያው በ1920 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ተፈጸመ። አልበርት ማይክልሰንና ፍራንሲስ ፒዝ በመነጥሩ አፍ ላይ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ብረት አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፎች ትንንሽ መስተዋቶችን አኑረው፣ ቤተልጌዝ የተባለውን ቀይ ኮከብ ስፋት ለኩ። ከፀሓይ በቀር የአንድ ኮከብ ስፋት ሲለካ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያገኙት ማዕዘን ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳንቲም ከ88 ኪሎ ሜትር ርቀት ቢታይ የሚኖረውን ስፋት ያህላል። ከዚህም ተነሥተው የኮከቡ ወርድ ከ380 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነው አሉ፤ በፀሓይ ቦታ ቢቀመጥ ምድርን ከነመንገዷ ይውጣታል ማለት ነው። የኋለኞች ሊቃውንት ከዚያም የሚበልጥ መሆኑን ተረድተዋል።

በዚያን ዘመን ሊቃውንቱን ለሁለት የከፈለ አንድ ታላቅ ክርክር ነበረ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሰማይን አቋርጦ የሚታየው ነጭ መንገድ፣ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው፣ በውስጡ ፀሓይም ያለችበት የብዙ ከዋክብት ማኅበር መሆኑ ታውቋል። ነገር ግን በሰማይ ላይ በመነጥር ሲታዩ እንደ ጠመዝማዛ ጢስ የሚመስሉ ደካማ ብርሃናት አሉ። እነዚህ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያሉ ደመናት ናቸውን? ወይስ እያንዳንዳቸው ከርሱ ውጭ ርቀው የሚኖሩ ራሳቸውን የቻሉ የከዋክብት ማኅበራት ናቸው? በ1920 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሃርሎ ሻፕሊና ሂበር ከርቲስ በዋሽንግተን ከተማ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ስለዚህ ነገር ተከራከሩ። ሻፕሊ ፍኖተ ሐሊብ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ሁሉም በእርሱ ውስጥ ነው አሉ፤ ከርቲስ ደግሞ ውጭ ናቸው አሉ። ሁለቱም ማስረጃ ነበራቸው፤ ርቀት የሚለካበት መለኪያ ስላልነበረ ግን ክርክሩ በክርክር ቀረ።

መለኪያውን ሳታስበው ያዘጋጀችው አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟ ከወንዶቹ ስም ያነሰ ቢጠራም ሥራዋ ከማንም አያንስም። ወይዘሪት ሄንሪኤታ ሊቪት በሃርቫርድ የኮከብ መመልከቻ ቤት የፎቶግራፍ ሰሌዳዎችን እየመረመረች የከዋክብትን ብርሃን መጠን የምትመዘግብ ጸሓፊ ነበረች፤ ደመወዟም በሰዓት 30 ሳንቲም ነበረ። ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። በፔሩ አገር ከተነሡት ሰሌዳዎች ላይ፣ ማጄላን በሚባሉት ሁለት የሰማይ ደመናት ውስጥ፣ ብርሃናቸው የሚጨምርና የሚቀንስ 1,777 ከዋክብት ለቅማ በ1908 ዓ.ም. አሳተመች። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ከታናሹ ደመና የተመረጡ 25 ከዋክብትን አስተያይታ፣ ብርሃናቸው ለመመላለስ ብዙ ቀን የሚወስድባቸው ከዋክብት ጥቂት ቀን ከሚወስድባቸው ይልቅ ብሩሃን መሆናቸውን አስረዳች።

የዚህን ነገር ጥቅም ለደቀ መዛሙርት በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። በሌሊት ብልጭ የሚል አንድ መብራት ከሩቅ ቢታይ፣ በቅርብ ያለ ኩራዝ ይሁን በሩቅ ያለ ደመራ በዓይን ብቻ አይለይም። ነገር ግን በማዶው ተራራ በአንድ መንደር ውስጥ ብዙ መብራቶች ቢታዩ፣ ርቀታቸው ለተመልካቹ እኩል ያህል ስለ ሆነ፣ ደምቆ የሚታየው በእውነት የደመቀው ነው። ሊቪት የመረመረቻቸው ከዋክብት ሁሉ በአንድ ደመና ውስጥ ስለ ነበሩ እንደ አንድ መንደር መብራቶች ሆኑላት። ስለዚህ የኮከቡን መመላለሻ ቀን የቈጠረ ሰው የኮከቡን እውነተኛ ብርሃን ያውቃል፤ እውነተኛውን ብርሃን ከሚታየው ብርሃን ጋር ያስተያየም ርቀቱን ያገኛል፤ መብራት ርቀቱ ሁለት ዕጥፍ ሲሆን ብርሃኑ በአራት እጅ፣ ሦስት ዕጥፍ ሲሆን በዘጠኝ እጅ ይቀንሳልና። እነዚህ ከዋክብት ሴፌይድ ይባላሉ። ወይዘሪት ሊቪት በ1921 ዓ.ም. ሞተች፤ መለኪያዋ ምን እንደሚለካ ለማየት ሁለት ዓመት ቀርቷት ነበረ።

ኤድዊን ሀብል በ1889 ዓ.ም. የተወለዱ ሲሆኑ በኦክስፎርድ ሕግ ተምረው፣ በኋላም ወደ ከዋክብት ትምህርት ተመልሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1919 ዓ.ም. ወደ ዊልሰን ተራራ መጡ። በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት 5 ለ6 አጥቢያ፣ አንድሮሜዳ የተባለውን ጠመዝማዛ ብርሃን በታላቁ መነጥር ፎቶግራፍ አነሡ። በሰሌዳው ላይ ቀድሞ ያልነበሩ ሦስት ነጥቦች አዩ፤ በድንገት በርተው የሚጠፉ ከዋክብት መስለዋቸው በያንዳንዳቸው አጠገብ የአዲስ ኮከብ ምልክት ጻፉ። ኋላ ግን የቀድሞዎቹን ሰሌዳዎች ከመዝገብ ቤት አውጥተው ሲያስተያዩ፣ ከሦስቱ አንዱ ከዚያ በፊት የነበረ፣ እየደመቀና እየደከመ የሚመላለስ ኮከብ ሆኖ አገኙት። የጻፉትን ምልክት ሰርዘው በአጠገቡ ተለዋዋጭ የሚለውን ቃል በፈረንጅ ፊደል አሳጥረው ከቃለ አጋኖ ጋር ጻፉ። ያ ሰሌዳ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል፤ ስረዛውም ይታያል።

ኮከቡ ሴፌይድ ነበረ፤ ለመመላለስም 31 ቀን ከጥቂት ሰዓት ይወስድበት ነበረ። በሊቪት ሕግ ሲሰላ ርቀቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ሆነ። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከፀሓይ እስከ ምድር ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን ዓመት ሙሉ የሚሄደው መንገድ ነው። ሻፕሊ ራሳቸው ለፍኖተ ሐሊብ የሰጡት ስፋት 300,000 የብርሃን ዓመት ስለ ነበረ፣ እጅግ ሰፊ በሆነው በርሳቸው ልክ እንኳ አንድሮሜዳ ከውጭ ሆነ። ሀብልም ይህን በደብዳቤ አስታወቋቸው። በሴፌይድ ርቀት መለካትን ከሁሉ ይበልጥ ያስፋፉት ሻፕሊ ስለ ነበሩ፣ ክርክሩን የረታቸው የገዛ መለኪያቸው ነው። በ1925 ዓ.ም. ጥር 1 ቀን የሀብል ጽሑፍ በዋሽንግተን በሊቃውንት ጉባኤ ተነበበ፤ ከዚያም ወዲያ ፍኖተ ሐሊብ ከብዙ ማኅበራት አንዱ መሆኑን የተጠራጠረ ሊቅ ጥቂት ነው።

የሚቀጥለው ሥራ ግን በሀብል ብቻ የተሠራ አይደለም። ሚልተን ሁማሰን በ14 ዓመታቸው ትምህርት ትተው፣ በወጣትነታቸው ወደዚያው ተራራ እንጨትና ዕቃ በበቅሎ የሚያወጡ ነጂ ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. በመመልከቻው ቤት ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ፤ ቀጥሎ የሌሊት ረዳት ሆኑ፤ መነጥሩን በመያዝና ሰሌዳውን በማንሣት ያሳዩት ጥንቃቄ ታይቶ፣ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ ከሊቃውንቱ ማዕርግ ተቈጠሩ። በ1950 ዓ.ም. የስዊድን አገር የሉንድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጣቸው።

የሁማሰን ሥራ የሩቆቹን ማኅበራት ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበረ። ብርሃን ሲዘረጋ በቀለማቱ መካከል ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ ብርሃኑ የሚመጣበት አካል የሚርቅ ከሆነ መስመሮቹ ወደ ቀዩ ወገን ይሸሻሉ፤ የሽሽታቸው መጠንም የፍጥነቱን መጠን ይናገራል። ቬስቶ ስላይፈር በአሪዞና ከ1912 ዓ.ም. ጀምረው ይህን ለብዙ ማኅበራት መርምረው፣ አብዛኞቹ የሚርቁ መሆናቸውን አግኝተው ነበረ። ሁማሰን ግን እጅግ ደካማ የሆኑትን ያዙ። አንዱን ሰሌዳ ለመሙላት አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ጕልላቱ ስለሚከፈት እሳት አይነድም፤ በክረምት ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን ከመነጥሩ ሳያነሡ አንዲትን ነጥብ ይጠብቃሉ፤ ሲነጋ ሰሌዳውን ከድነው በሚቀጥለው ሌሊት ከዚያው ይቀጥላሉ። በ1929 ዓ.ም. አንዱ ማኅበር በሰከንድ ከ3,700 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቅ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሀብል ርቀትንና ፍጥነትን አስተያይተው፣ ርቀቱ ሁለት ዕጥፍ የሆነ ፍጥነቱም ሁለት ዕጥፍ መሆኑን አሳዩ። በ1931 ዓ.ም. ሁለቱ ሰዎች በሰከንድ እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፍጥነት መዘገቡ።

ይህ ማለት ሁሉም ከምድር ይሸሻል ማለት አይደለም። በዘቢብ የተለወሰ ሊጥ ሲቦካና ሲነፋ እያንዳንዱ ዘቢብ ከሌላው ሁሉ ይርቃል፤ ከየትኛውም ዘቢብ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሩቁ ዘቢብ ከቅርቡ ይልቅ ፈጥኖ ሲርቅ ይታየዋል፤ መካከል የሚባል ግን የለም። ዓለሙ እንዲህ እንደሚሰፋ ዦርዥ ለሜትረ የተባሉ የቤልጅግ ካህንና ሊቅ በ1927 ዓ.ም. በስሌት ጽፈው ነበረ። አልበርት አይንሽታይንም በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዊልሰን ተራራ ወጥተው መነጥሩን ጐበኙ።

ነገር ግን በሀብል ቍጥር ውስጥ አንድ የማይስማማ ነገር ነበረ። ማኅበራቱ በዚያ ፍጥነት ከተራራቁ፣ ስሌቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ሁሉም በአንድ የነበሩበት ዘመን ከሁለት ሺህ ሚሊዮን ዓመት ያነሰ ይሆናል። የምድርን ድንጋዮች የሚመረምሩ ሊቃውንት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ድንጋዮች አገኙ። ልጅ ከአባቱ ሊበልጥ አይችልምና ከሁለቱ አንዱ ልክ አልነበረም።

መልሱ የመጣው በጦርነት ጨለማ ነው። ዋልተር ባዴ በጀርመን አገር የተወለዱ ሊቅ ስለ ነበሩ፣ አሜሪካ ከጀርመን ጋር በተዋጋች ጊዜ እንደ ጠላት አገር ሰው ተቈጥረው በጦር ሥራ ውስጥ አልገቡም፤ በተራራው ላይ እንዲሠሩ ግን ተፈቀደላቸው። ሌሎቹ ሊቃውንት ወደ ጦር ሥራ ስለ ሄዱ መነጥሩ ለርሳቸው ቀረ። ከታች ያለችው የሎስ አንጀለስ ከተማም በጦርነቱ ምክንያት መብራቷን ደብቃ ነበረ። በ1943 ዓ.ም. ባዴ በዚያ ጨለማ የአንድሮሜዳን መካከል አንድ ባንድ ከዋክብት አድርገው ለይተው በሰሌዳ ያዙት፤ ከዚያ በፊት ማንም ይህን አላደረገም። ከዚህም ከዋክብት ሁለት ትውልድ መሆናቸውን በ1944 ዓ.ም. አስታወቁ፤ በፓሎማር ተራራ በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው፣ ወርዱ 5 ሜትር በሆነው መነጥር ምርመራውን ቀጥለው፣ ሴፌይዶችም ሁለት ዓይነት መሆናቸውን፣ ሀብል የለኩባቸውም ከታሰበው ይልቅ አራት ዕጥፍ ያህል ብሩሃን መሆናቸውን አገኙ። ስለዚህ በ1952 ዓ.ም. በሮማ በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ፣ ርቀቶቹ ሁሉ ሁለት ዕጥፍ ይሁኑ ተባለ። ከዚያም ወዲህ ብዙ እርማት ሲደረግ ቈይቶ ዛሬ የአንድሮሜዳ ርቀት 2 ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት፣ የዓለሙም ዕድሜ 13 ሺህ 800 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተብሎ ይቈጠራል። ሄል በ1938፣ ሀብልም በ1953 ዓ.ም. ሞቱ።

ከጦርነቱ በኋላ የከተማው መብራት ተመለሰ፤ እየበዛም ሄደ። በአየር ላይ የተበተነ የመብራት ብርሃን ከሩቆቹ ማኅበራት ብርሃን ስለሚበልጥ፣ ሰሌዳው ቶሎ ይጠቍራል፤ የሚፈለገውም ይሸፈናል። በዚህም ምክንያት በ1985 ዓ.ም. ተቋሙ ገንዘቡን በቺሊ አገር በጨለማ ተራራ ላይ ወዳሉት መነጥሮቹ አዞረና ታላቁን መነጥር ዘጋው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ገና ተከፈተ፤ ዛሬ ሰዎች ወጥተው ዓይናቸውን አስጠግተው ጨረቃንና ፈለኮችን፣ ብሩሃን ከዋክብትንም ይመለከቱበታል። በ2020 ዓ.ም. በመስከረም ወር የደን እሳት እስከ ደጁ ደርሶ ነበረ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳኑት። በ1990 ዓ.ም. ከምድር በላይ የተላከውና በሀብል ስም የተሰየመው የጠፈር መነጥር መስተዋቱ 2 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ በስፋት ከዚህ ጥቂት ያንሳል፤ እርሱም ያንን የ1923ቱን ኮከብ እንደ ገና ተመልክቶታል።

ከተማው ያጣው ጨለማ በኢትዮጵያ መንደሮች አሁንም አለ፤ ስለዚህ መምህራን አንድሮሜዳን ያለ አንዳች መሣሪያ ለደቀ መዛሙርታቸው ማሳየት ይችላሉ። በእኛ አገር አቈጣጠር በኅዳር አጋማሽ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ፊትን ወደ ሰሜን አዙሮ መቆም ነው። ከአድማስ እስከ አናት ካለው ሰማይ እኩሌታ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አምስት ብሩሃን ከዋክብት ወዲያና ወዲህ እንደሚጠመዘዝ መንገድ ተሰልፈው ይታያሉ። ከነርሱ በላይ ወደ አናት፣ ክንድን ዘርግቶ የተከፈተ እጅ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ የሚሸፍነውን ያህል ከፍ ሲሉ፣ እንደ ጢስ የደበዘዘች ትንሽ ሞላላ ብርሃን ትገኛለች። ልጆቹ ከመመልከታቸው በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ከእሳትና ከመብራት ርቀው በጨለማ ይቈዩ። በቀጥታ ሲያተኵሩባት የጠፋችባቸው እንደ ሆነ፣ ዓይናቸውን ጥቂት ወደ ጐን መለስ ያድርጉ፤ ደካማ ብርሃን ከዓይን መካከል ይልቅ በዓይን ዳር ይሻላልና ወዲያው ትታያቸዋለች።